በክንዱ ልክ የተሠራ ጠመንጃ

ባለፈው ማክሰኞ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ ሰው ሱቄ ገብቶ አንድ ረጅም የሸራ ሽፋን የስፌት መኪናዬ ላይ ጣል ሲያደርግ፣ ከሸራው በፊት አፍንጫዬ ላይ የደረሰው የተልባ ዘይት ሽታ ነበር። የተልባ ዘይት እንጨት ጠጥቶት፣ ከእንጨቱ ወደ ጨርቁ ተላልፎ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ታፍኖ ሲወጣ ምን እንደሚሸት የሚያውቅ ሰው ብዙ አይደለም። «እማማ፣ ዚፑ ተበላሽቶ ነው፤ ይቀየራል?» ይለኛል ሰውዬው። እኔ ደግሞ ዓይኔ የሸራውን ጠርዝ ተከትሎ ሲሄድ አረንጓዴውን ክር አገኘሁት። ካኪ ሸራ በአረንጓዴ ክር የጨረስኩት ካኪው ክር መሃል ላይ አልቆብኝ ነበር። የገዛ እጄን ስፌት ሳውቀው ደሜ ፈላ። ዕድሜዬን አስቤ ልረጋጋ አልኩ፤ አልሆነም።

«ከየት አገኘኸው?» አልኩት።

«የአባቴ ነው። ማለቴ፣ አባቴ አርፏል፤ ዕቃውን እያስተካከልን ነው። ውስጡ የነበረው የአደን ጠመንጃ ነው። ፈቃዱን እያዞርን ነው፣ ገዢም አግኝተናል፣ በቃ ሽፋኑ እንዲህ ሆኖ አይሰጥም ብዬ ነው።»

የአባቱን ስም ጠየቅሁት። ነገረኝ። «ተቀመጥ፣ ዚፕ ልፈልግ» አልኩና ጀርባዬን ሰጥቼው የዚፕ ሳጥኑን ማተራመስ ጀመርኩ። የሸራ ዚፕ የት እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። የማተራምሰው ፊቴን እንዳያይብኝ ነው።

ዛሬ ያለሁት ወሎ ሰፈር ነው፤ ያኔ ግን ካዛንቺስ ነበርን። አሁን ባለመስታወት ፎቅ የቆመበት ቦታ ላይ ጣሊያን የሠራቸው ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች ነበሩ፤ ግቢያቸው ኮክና ጽድ የበቀለበት፣ ከጀርባቸው ደግሞ እኛ የቀበሌ ቤት ተከራዮች የተደረደርንበት። ሱቄ ከመናኸሪያ ወደ ታች ሲወርዱ በካሴት ቤቱና በሥጋ ቤቱ መሃል ነበር። ካሴት ቤቱ ድምፅ ማጉያውን በር ላይ አውጥቶ ጠዋት የጀመረውን ዘፈን እስኪዘጋ ድረስ ይደጋግመዋል፤ ሳላስበው የመኪናዬን መርገጫ በዘፈኑ ምት እረግጥ ነበር። ማኪያቶ አንድ ብር አይሞላም፤ ታክሲ በሳንቲም ነው፤ ያኔ ለአንድ ጉርድ ቀሚስ የእጅ ዋጋ የምጠይቀው ዛሬ አንድ ብርጭቆ ሻይ አይገዛም። በምሳ ሰዓት የየመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊዎች ይመጡልኛል። ትከሻው ስፖንጅ ያልገባበት ኮት ለብሳ ቢሮ የምትገባ ሴት አልነበረችም፤ ካዛንቺስ መንገድ ላይ ሴቱ ሁሉ ወታደር የመሰለበት ዘመን ነበር። ምሽት ሲል ቡና ቤቶቹ ቀይ አምፖላቸውን ያበራሉ፤ የሰፈሩ ስም የከፋው በእነሱ ነው ይባላል። እኔ ግን በዚያ ሰፈር ስኖር ከቡና ቤት ሴት ክፉ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። የጎዳኝ ኮትና ከረባት ያደረገ ሰው ነው።

ባሌ በየነ የቂርቆስ ልጅ ነው። አጭር ነው። ይህን የምለው ለማሾፍ አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ ከቁመቱ ጋር ስለሚያያዝ ነው። ሰርጋችን ላይ ሚዜዎቹ ተረከዝ ያለው ጫማ እንዳላደርግ ለምነውኛል። መጀመሪያ የዱር እንስሳት ጠባቂ ነበር፤ በኋላ ፈተናውን አልፎ ፈቃድ አወጣና ፈረንጆችን እየመራ የሚያሳድን ባለሙያ ሆነ። ፈረንጆቹ የመንግሥትን ክፍያ ከፍለው ወደ ኦሞ ይወርዳሉ፤ ጎሽ ይተኩሳሉ። የበየነ ሥራ ከጎናቸው መቆም ነው። ፈረንጁ በትክክል ከመታ ጭብጨባው የፈረንጁ ነው። አቁስሎት ጎሹ ጥሻ ከገባ ግን ተከትሎ ገብቶ መጨረስ የበየነ ዕዳ ነው። የቆሰለ ጎሽ አይሸሽም፤ ዞሮ የራሱን ዱካ እያየ ቆሞ ይጠብቃል። ይህን ሲነግረኝ ፈገግ እያለ ነበር የሚነግረኝ፤ እኔ ደግሞ እግዜርን አንድ ነገር ብቻ እለምን ነበር፤ ያ ሰዓት ሲመጣ በእጁ ያለው ነገር እንዳያሳፍረው።

ስለዚህ ጠመንጃ መምረጡ የእሱ ብቻ ሥራ አልነበረም፤ የቤታችን ጉዳይ ነበር። ሌላው ባልና ሚስት ሶፋ ሲመርጥ እኛ ጠመንጃ መረጥን። ጓደኞቹ የሚምሉበት ትልቁ ነበር፤ ለዝሆን የሚሆን ጥይት የሚተፋ። በየነ ከአንዱ ተውሶ ኢላማ ላይ ሞከረውና ትከሻው ጠቁሮ መጣ። «ጎሹን ይገድለዋል፤ ከዚያ እኔን» አለኝ። ባለ ሁለት አፈሙዙም ነበር፤ መልኩ የሚያምር፣ የባለጸጋ ዕቃ። ሁለት ጊዜ ተተኩሶ ያልቃል፤ ሦስተኛው ጥይት ካስፈለገህ ጸሎት ነው የሚቀርህ። በመጨረሻ ያጠራቀምነውን ሁሉ አራግፈን የገዛነው አገር ለቆ ከሚሄድ ከአንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አዳኝ ላይ ነው፤ ፈቃዱም በሕግ ዞረለት። መካከለኛ ጥይት የሚጎርስ፣ እንደ በር መቀርቀሪያ በእጅ እየተሳበ እየተዘጋ የሚተኮስ ነበር። ጓደኞቹ «ለድኩላ ነው?» እያሉ ተሳለቁበት። እሱ ግን «ትልቅ ጥይት ለወሬ ያምራል፤ እኔን የሚያተርፈኝ ቶሎ የሚደገመው ነው» ይል ነበር።

ችግሩ የፈረንጅ መሆኑ ነው። የተሠራው ለረጅም ሰው ነው። በየነ ወደ ትከሻው ሲያነሳው የሰደፉ ጫፍ ብብቱ ሥር ይያዝና ሹራቡን ይዞ ይቀራል። እጀ ረጅም ኮት የተዋሰ ሰው ይመስል ነበር። ይዞት ወደ ጋሽ ሸምሱ ሄድን፤ ቂርቆስ አካባቢ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠራ፣ ነጭናጫ ግን እጁ የተባረከ ሰው ነው። ጠመንጃውን አገላብጦ አየና «እኔ አልጋ ነው የምሠራው፤ ይሄ የሰው ነፍስ ነው» ብሎ ሊመልሰን ነበር። በኋላ ምን እንደታየው አላውቅም፣ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ልብስ ሰፊ አይደለሽም? ለኪው» አለኝ።

ለካሁት። እዚያው እንጨት ቤት ውስጥ፣ ፍቅፋቂው ላይ አቁሜ። በመጀመሪያ የአደን ሹራቡንና ጃኬቱን አስለበስኩት፤ ኦሞ ጠዋት ይበርዳል፣ የሚተኩሰው ራቁቱን አይደለም። ከክንዱ እጥፋት እስከ ጠቋሚ ጣቱ፣ ከትከሻው እስከ ጉንጩ፣ የአንገቱን ርዝመት፣ የደረቱን ስፋት። ጋሽ ሸምሱ ልኬቱን ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይጽፋል፤ በየነ «ሙሽራ አስመሰላችሁኝ» እያለ ይስቃል። ከፈረሰ ቤት የወጣ ደረቅ የወይራ ምሰሶ ተገኘ፤ ሰደፉ ከእሱ ተፈለፈለ። አንዴ ይጠርበዋል፣ በየነ ዓይኑን ጨፍኖ ያነሳዋል፣ ዓይኑን ሲገልጥ ማነጣጠሪያው ፊቱ ላይ ካልሆነ እንደገና ይጠርበዋል። በየነ ጠመንጃው ላይ የነበረውን የማነጣጠሪያ መነጽር አስነሳው፤ ጥሻ ውስጥ ምንም አያሳይም አለ። ፊት ለፊቱ ላይ ከላም አጥንት የተሞረደ ነጭ ነጥብ አስተከለበት፣ ጥላ ውስጥ እንዲታየው። ማንገቻው የሚታሰርበትን ቀለበት ቶርኖ ቤት አሠርቶ ወደ አፈሙዙ አስጠጋው፤ ሲተኮስ ጣቱን እንዳይመታው ነው። ከዚያ የተልባ ዘይቱ መጣ። በየቀኑ ስስ አድርጎ መቀባት፣ በመዳፍ እስኪሞቅ ማሸት፣ ማድረቅ፣ እንደገና መቀባት። ግማሹን ያሸሁት እኔ ነኝ። ስፌቱን እያቋረጥኩ ስለማሸው ደንበኞቼ ሁሉ ቀሚሳቸው ተልባ ተልባ ሸተተ ብለው ተቆጡ።

ሲያልቅ ቤት ውስጥ ባዶ ቀለህ እያጎረሰ ይለማመድ ጀመር። ማንሳት፣ መሳብ፣ መዝጋት፣ ማንሳት። ጎረቤት «እነስንዱ ቤት በር አልዘጋ ብሏቸው ነው እንዴ?» ይላል። መጨረሻ ላይ ጠመንጃውን ያነሳው አይመስልም፤ ክንዱ የረዘመ ነው የሚመስለው። ሁለት ወቅት ወርዶበት ተመለሰ። በአንደኛው ወቅት የቆሰለ ጎሽ ከጥሻ ወጥቶበት ሦስት ጊዜ ተኩሶ እግሩ ሥር ጣለው። ሊነግረኝ ሲጀምር እጄን አፉ ላይ አድርጌ አስቆምኩት። መስማት አልፈለግሁም፤ ያው ቤቱ ገብቷል።

እንግዲህ የሚያናድደኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በየነ የሚሠራበት የአደን ድርጅት ባለቤት አቶ ሲሳይ የሚባል ሰው ነበር። ቢሮው ከኛ ሰፈር ካሉት የጣሊያን ግቢዎች በአንዱ ነው። የወቅቱ መዝጊያ ብሎ ምሳ ደገሰ፤ ለካ ድግሱ ለሠራተኛ አልነበረም። የአደን ክልሉ ውል የሚታደስበት ጊዜ ደርሶ ኖሮ፣ ድግሱ ያኔ የውሉ ማኅተም በእጁ ለነበረ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ነበር። «ክቡርነታቸው» ነበር የሚባሉት። አቶ ሲሳይ በየነን «ጠመንጃህን ይዘህ ና፣ ይዩት» አለው። ከጽዱ ሥር ጠረጴዛ ተዘርግቷል፣ ክትፎው ቀርቧል፣ እኔ ራሴ የሰፋሁትን ሰማያዊ ኮት ለብሻለሁ። ክቡርነታቸው ሰደፉን ዳሰሱት፣ ነጩን ነጥብ አዩ፣ «እንዲህ ያለ ጠመንጃ አይቼ አላውቅም» አሉ። አቶ ሲሳይ ከት ብሎ ስቆ «በየነ፣ ለክቡርነታቸው ምን ትላቸዋለህ?» አለ። ድግሱ ሁሉ ዞሮ በየነን አየ።

በእኛ ወግ ሰው ዕቃህን ሲያደንቅብህ «ይውሰዱት፣ የእርስዎ ነው» ትላለህ። ጨዋ ሰው ደግሞ «አንተው ያዝበት፣ ይባረክልህ» ይላል፤ ነገሩ እዚያው በመልካም ቃል ያልቃል። ኮትህን ያደነቀልህ ሰው ኮትህን አስወልቆ ሲሄድ አይተህ አታውቅም። በየነም ያደገበትን ነው የተናገረው። ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ይውሰዱት ጌታዬ፣ የእርስዎ ነው» አለ።

ክቡርነታቸው «አመሰግናለሁ» አሉ።

ጭብጨባው ቀለጠ። ከኋላቸው የቆመው ጠባቂ ጠመንጃውን ከበየነ እጅ ተቀብሎ፣ እኔ የሰፋሁት ሽፋን ውስጥ ከትቶ፣ መኪና ውስጥ አስገባው። «ኧረ ይሄ እንጀራው ነው፤ ነፍሱን የሚጠብቀው እሱ ነው እኮ» አልኩ ጮክ ብዬ። የአቶ ሲሳይ ሚስት ጉልበቴን ተጭና «ተይ እህቴ፣ ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። በየነም በዓይኑ ተይ አለኝ። ፊቱ ላይ ፈገግታው እንዳለ ነበር፤ ደም ግን አልነበረበትም። ያን ዕለት የበላሁት ክትፎ ዛሬም ጉሮሮዬ ላይ አለ።

ቤት ስንገባ «ነገ ሄደህ ትጠይቃለህ» አልኩት።

«ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ስንዱ። የሰጠውን መልሶ ጠየቀ ይበሉኝ?»

«ይበሉህ። ምን ያደርጉሃል?»

«አታውቂያቸውም።»

«ጎሹስ? ጎሹ ይሉኝታ አለው?»

በማግስቱ እኔው ወደ ሰውየው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ያለው ዘበኛ «ምን ጉዳይ ነው?» ሲለኝ «ጠመንጃ ልጠይቅ ነው» አልኩት። እኔ የምናገረው ስለ ባሌ ዕቃ ነው፤ እሱ የሰማው ሌላ ነው። ቦርሳዬን አስፈትሾ፣ ስሜን ጽፎ፣ ሁለተኛ እዚህ አካባቢ እንዳላይሽ ብሎ መለሰኝ። ነገሩ ሰፈር ገብቶ ለብዙ ጊዜ ተሳቀበት። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

አቶ ሲሳይ ውሉ ታደሰለት። ለበየነ «ለከርሞ ከዚህ የበለጠ አስመጣልሃለሁ፤ እስከዚያው የድርጅቱን ያዝ» አለው። የድርጅቱ ያ ትልቁ፣ ትከሻ የሚያጠቁረው፣ ሰደፈ ረጅሙ ነው። በየነ «ቢያንስ ሰደፉን ላሳጥረው» ብሎ ለመነ። «እንዴት ይሆናል? የድርጅት ንብረት ነው፤ ደንበኞችም ይተኩሱበታል፣ እነሱ ደግሞ ረጃጅም ናቸው» ተባለ። እነዚህን ቃላት እንዳሉ አስታውሳቸዋለሁ፤ በየነ ቤት መጥቶ ሲነግረኝ በአቶ ሲሳይ ድምፅ አስመስሎ ነበር የነገረኝ፤ እያሳቀኝ። እንዳይሄድ ጃኬቱን ይዤ ተሟገትኩት። ቃል ገብቻለሁ፣ ፈረንጆቹ መጥተዋል፣ አሁን ብቀር ፈራ ይሉኛል አለ። ሄደ።

የሆነውን የነገረኝ ኦይታ ነው፤ ዱካ እየተከተለ ከበየነ ፊት ፊት የሚሄደው የኦሞ ሰው። ከአስከሬኑ ጋር አብሮ መጣ፤ አዲስ አበባን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠና አማርኛው ሲያጥረው በእጁ አሳየኝ። ፈረንጁ ጎሹን ሆዱን መታው። ጥሻ ገባ። በየነ ተከተለ። ጎሹ ከጎን መጣ። ኦይታ ከመሬት ዱላ አነሳና ወደ ትከሻው ሊያደርግ ሞከረ፣ ብብቱ ሥር ሲደርስ አስቆመው፣ እንደገና ሳበው፣ እንደገና ያዘው። «እዚህ» አለኝ ብብቱን እየነካ። «ልብስ ያዘው። እዚህ ቀረ።» ለቀስተኛው «የእግዜር ቁርጥ ነው» ይላል። እግዜር ምን አደረገ? እግዜር ጠመንጃ አልወሰደበትም። አቶ ሲሳይ ትልቅ የአበባ ጉንጉን ይዞ መጥቶ «በጀግንነት ወደቀ» ብሎ ንግግር አደረገ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጉንጉኑን አንስቼ ከድንኳኑ ውጭ ስወረውረው ሴቶቹ «ሐዘን አናወዛት» ብለው እጄን ያዙኝ። ያኔ አእምሮዬ ከመቼውም ይልቅ ደህና ነበር።

ክቡርነታቸው ከዚያ በኋላ ከሥልጣን ወርደዋል፣ ሌላ ወጥቷል፣ ያም ወርዷል። ግቢው ፈርሷል፤ ጽዱም፣ የእኛም ቤት፣ ካሴት ቤቱም። ካሳ ብለው ወደ ከተማ ዳር ሊሰዱኝ ሲሉ እምቢ ብዬ እዚህ ወሎ ሰፈር የኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ ተከራየሁ። ሰው «ስንዱ ቁጡ ናት» ይለኛል። ዚፕ ሊያስቀይር የመጣን ሁሉ እቆጣለሁ፤ ልኬቱን ሳይነግረኝ «እንደ ነገሩ አድርጊው» የሚለኝን ደንበኛ ጨርቁን ይዞ እንዲወጣ አደርጋለሁ። ያ ዘመን ደግ ነበር፣ ሰው ይከባበር ነበር ሲሉ ስሰማ እንቅልፌን አጣለሁ። አዎ፣ እንከባበር ነበር። ባሌን የቀበርኩት በዚያ መከባበር ነው።

የክቡርነታቸው ልጅ ከኋላዬ ሆኖ ስልኩን እየነካካ ማውራቱን አላቆመም። «የሚገርመው ነገር እማማ፣ ጠመንጃው አዲስ ነው ማለት ይቻላል። አባዬ ሳሎን አንድ ጊዜ አውጥቶ ለእንግዳ አሳይቶት ነበር፤ ከዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ።»

«አላደነበትም?» አልኩት፤ አልዞርኩም።

«ኧረ አንድ ቀን አልተኮሰበትም። አጠረው እኮ። ማለቴ፣ አባዬ ረጅም ሰው ነበር፣ ሲያነሳው ክርኑ ሆዱ ላይ ይሆናል። ‹ምን ዓይነት ሰው ነው ይሄን ያሠራው› እያለ ይስቅ ነበር።»

ያን ጊዜ ዞርኩ። ሽፋኑን ከስፌት መኪናው ላይ አነሳሁና አረንጓዴውን ክር ያዝኩ። እሱ ምኑንም አላየም፤ ስልኩ ላይ ነው ዓይኑ።

«ገዢውም ያለን ይሄንኑ ነው» ቀጠለ። «ጠመንጃው አሪፍ ነው፣ ሰደፉ ግን ያጥራል ይላል። በዚያው ልጠይቅዎት፣ እንጨት ቀጥሎ የሚያስረዝምልኝ ሰው ያውቃሉ? እዚህ አካባቢ አናጺ ካለ...»

«አይረዝምም» አልኩት።

«አይ፣ ቀላል ነው አሉኝ፤ ትንሽ ቁራጭ ብቻ...»

«አይረዝምም አልኩህ። የባሌ ክንድ ነው።»

ስልኩን አወረደና አየኝ። ከዚያ ሽፋኑን አየ፣ አረንጓዴውን ክር ይዤ የቆምኩበትን እጄን አየ። አባቱ ከሰው እጅ የወሰዱት መሆኑን በመጀመሪያ የሰማው ከእኔ ነው፤ ሁሉንም፣ ድግሱንም ብብቱንም፣ ቆሞ ሰማኝ። ሲወጣ ሽፋኑን አልመለስኩለትም። ከፈለገ ይክሰሰኝ።